የወላጅ ፊርማ

ጃንዋሪ 12፣ ሰኞ
አረጋውያን የማስታምምበት ነርሲንግ ሆም ዛሬም ሰው ጎድሎት ደብል፣ ሁለት ፈረቃ፣ ሠራሁ። እግሬ የእኔ አይደለም። ቤት ስገባ ልጄ ቤዛ ላፕቶፗን ከፍታ ጠበቀችኝ። የኮሌጅ እርዳታ ፎርም... ፋፍሳ የሚሉት የመንግሥት ነው። ሲኤስኤስ የሚሉትን ደግሞ እሷ የምትመኘው የሴንት ፖሉ ኮሌጅ ይፈልገዋል። የስቴቱም አለ። የቱ ነው የእኛ? እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ያለ እርዳታ ያ ኮሌጅ እንደማይታሰብ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ጃንዋሪ 14
ኃይሉን ጠየቅሁት። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው ታክስ የሚሠራው እሱ ነው፤ ልጁ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሊቅ ሆኗል። አንድ ሰዓት አስተማረኝና፣ ሁሉንም ሙሉት፣ አይጎዳም አለኝ።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ
ፋፍሳን ጀመርን። ቤዛን አግብተሻል ወይ አላት። ወታደር ነሽ ወይ አላት። በስመአብ! ቀጥሎ፣ ወላጅ አልባ ነሽ ወይ? ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።
"እኔ በቁሜ እያለሁ? አይደለሁም በይ" አልኳት።
እህቴ አስካለ ስትሞት ቤዛ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እናቷ እኔ ነኝ። ይህን ለኮምፒውተር ላስረዳ ነው?
የወላጅን ክፍል ሞላሁ። ደሞዜን፣ ኦቨርታይሜን፣ አንድም ሳላስቀር። ፈረምኩ።

ጃንዋሪ 23
መልስ መጣ። በፋፍሳ ስሌት ብዙ መክፈል የምችል ሴት ነኝ። ሀብታም መሆኔን ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ
ወደ ኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ሄድን። ሴትየዋ ደግ ናት። አንቺ ነሽ የወለድሻት? አይደለሁም። በሕግ በጉዲፈቻ ወስደሻታል? የእህቴ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ምን ጉዲፈቻ ያስፈልገዋል? ፈገግ አለች። አክስት ወላጅ አይደለችም፤ ልጅቷ ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ ያንቺ ደሞዝ አይገባበትም፤ አንቺ የምትሞዪው ፎርም የለም። አንድም።
ከፎርም ገላግለኝ ብዬ ስጸልይ አልነበር? ተገላገልኩ። ታዲያ መኪና ውስጥ ምን አስለቀሰኝ?

ጃንዋሪ 28
ቤዛ ፎርሙን አላርምም አለች። ሌላ ርካሽ ኮሌጅ እገባለሁ... በእንግሊዝኛ፣ ቶሎ ቶሎ። ለእኔ ብላ ነው። ተናደድኩ። የእኔ ኩራት የኮሌጅ ክፍያ አይሆንሽም አልኳት። የአስካለን የሞት ወረቀት ከሻንጣ አወጣሁ። ስንት ዓመት አልነካሁትም!
"አዎ በይ። ወላጅ አልባ ነኝ በይ።"
እጇን አላነሳችም። "አዎ" የሚለውን እኔው ተጫንኩት።

ማርች 20፣ ዓርብ
እርዳታው መጣ! ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሸፍናል። እልል አልኩ፣ ጎረቤት እስኪደነግጥ። ኃይሉ "አላልኩሽም?" አለኝ። ምን ብሎኝ እንደነበር አልጠየቅሁትም።
ማታ ቤዛ የዶርሙን ፎርም ስትሞላ አየሁ። ብትታመም ለማን ይደወል የሚል አለው። ስሜን ጽፋ፣ ከጎኑ እናት ብላለች። አክስት በይው፣ ኋላ ቢሮው ውሸታም ይለናል አልኳት።
"እማ፣ ያኛው ፎርም የጠየቀው ስለ ብር ነው" አለች፣ ለዛሬ በአማርኛ። "ይሄ የሚጠይቀው ማን እንደሚመጣልኝ ነው።"
የስልክ ቁጥሬን ደግሜ አየሁላት። ልክ ነው።