አምስተኛው ሥዕል ላይ ያለው ፊት

ኅዳር 3
ሰበታ ብርድ ገብቷል። ከቅዳሴ በኋላ ቀለም ስበጠብጥ ዋልኩ። የፍኖተ መስቀል መጽሐፌ፣ የጌታ የመከራ መንገድ በአሥራ አራት ሥዕል፣ ገና በካርቶን እንደተከመረ ነው። ሥዕሉም ጽሑፉም የራሴ... ማን ያነበዋል? ካቶሊኮቻችን እንኳ ለይሉኝታ ነው የሚወስዱት።

ኅዳር 5
ከሱሉልታ አንዲት ሴት መጣች። ወይዘሮ ውብአየሁ፣ እህል ነጋዴ፣ ኦርቶዶክስ። መጽሐፌን ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ አግኝታው ነው። አምስተኛውን ሥዕል ገለጠች። ስምዖን ጌታን አግዞ መስቀሉን ሲሸከም።
"አባ፣ ይሄ ልጄ ነው። ፈቀደ ይባላል! ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። የት አዩት?"
ገፈርሳ ግድብ አጠገብ አጣና ሲሸከም አይቼ የሣልኩት ልጅ! "ይሣሉኝ፣ እዚህ መሆኔን ግን ለማንም እንዳይነግሩብኝ" ብሎኝ ነበር። ቃል ሰጥቻለሁ።
"መጀመሪያ እሱን ልጠይቀው" አልኳት።
ጮኸች። "አለ ማለት ነው? በሕይወት አለ?"
ምን አደረግኩ?... ቃሌን ጠበቅኩ ወይስ አፈረስኩ?

ኅዳር 6
ልጁ ወደሚሠራበት ቡራዩ ሄድኩ። የአጣናው ነጋዴ ኦቦ ገርባ "አካም ቡልተን፣ አባ" ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ካሉኝ በኋላ ልጁን ጠሩልኝ። ገና ሲያየኝ ገባው።
"ለእናቴ ነገሯት?"
"በሕይወት መኖርህን አወቀች። የት እንዳለህ አልነገርኳትም።"
"ወንድሜን ያፈናጠጥኩት እኔ ነኝ፣ አባ። የሞተበትን ሞተር የምነዳው እኔ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ ዓይኔን እንኳ አላየችም።"
ሥዕሉን ስማ ስማ ቀለሙን እንዳስለቀቀችው ነገርኩት። አጣናውን ተሸክሞ ሄደ።

ኅዳር 7
ኦቦ ገርባ ደወሉ። ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ ወጥቷል። ወዴት? "ሂን ቤኩ... አላውቅም፣ አባ።"
ውብአየሁ ደጋግማ ደወለች። አላነሳሁም። የገፈርሳ ውሃ ሐሳቤ ውስጥ እየመጣ... አይ። አይሆንም።

ኅዳር 8
ደወልኩላት። አገኘሁት፣ አስደነገጥኩት፣ ሄደ አልኳት።
"ምን አለ?" አለች።
"ቀብሩ ላይ ዓይኔን አላየችም አለ።"
"እኔ? እኔኮ ያን ቀን ማንንም አላየሁም፣ አባ።"
ይህን እንዴት ልንገረው? የት ብዬ ላግኘው?

ኅዳር 9
የለም። አውቶቡስ ተራም ጠየቅኩ።

ኅዳር 11
ስልክ ጠራ። የውብአየሁ ቁጥር። የወንድ ድምፅ ነው።
"አባ፣ ፈቀደ ነኝ። ቤት ነኝ።"
"እንዴት ገባህ?"
"በሩ ላይ ቆሜ ማንኳኳት አቃተኝ። ውሃ ልትደፋ ስትወጣ አየችኝ።"
"ምን አለችህ?"
"ከሳህ አለችኝ።"
ከኋላው የእናቱ ድምፅ ይሰማል። "ስልኩን ተውና ብላ! እየቀዘቀዘ ነው!"
ዘጋው። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይለኝ።
እሰይ!