ከአቤቱታው የቀረችው ቀንድ አውጣ

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ በረታልሽ? ጎረቤታችን አሁን ቀና ብለሽ እንደምትሄጂ ነግራኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ። እኔ አክስቴ ቤት ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

በልብስ ስፌት ቤቷ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ የእኔ ሥራ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ መኪኖቹ ቀጥ ይላሉ፤ ያኔ ወሬው ይነሳል። ልብስ ተኳሹ፣ ክርክር ስለሚወዱ "ጋሼ ፓርላማ" የምንላቸው፣ ካውያቸውን አስቀምጠው መንግሥት ያወርዳሉ፣ መንግሥት ይሾማሉ።

ባለፈው ሳምንት ራዲዮው፣ ከጀርባችን ባለው የምርምር ግቢ አንዲት ተመራማሪ ቀንድ አውጣ እርጥብ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደምትጣበቅ እያጠናች ነው አለ። ጋሼ ፓርላማ ብድግ አሉ። "እኛ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እነሱ የቀንድ አውጣ ለሃጭ ይለካሉ! ነገ ደግሞ የቁንጫ ዝላይ ያጠናሉ!" አሉ። ጨርቅ ቆራጯ "ምናለ ለሃጩ አምፖል ቢያበራልን" ብላ ሳቀች። አክስቴም "እኔ ፖለቲካ አልወድም፤ ግን መብራታችንን ለማን ሰጥተውት ነው?" አለች።

በዚሁ ለአስተዳደሩ አቤቱታ እንዲጻፍ ተወሰነ። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብሎ ብዕሩ ለእኔ ተሰጠ። ጋሼ ፓርላማ እየተንጎራደዱ አስጻፉኝ፦ መብራታችን ይስተካከል፤ የቀንድ አውጣው ጥናት ተዘግቶ የሚበላው መብራት ለእኛ ይሰጠን።

እማዬ፣ ሁለተኛውን አልጻፍኩትም።

የተመራማሪዋን ጋዋን ጠግኜ ሳደርስላት ክፍሏን አይቼዋለሁ። አምፖል እንኳ አታበራም። መስኮት ሥር ቁጭ ብላ፣ ቀንድ አውጣዋን መስታወት ላይ አድርጋ፣ በማስመሪያ ነው የምትለካው። ምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅኳት። ገና አላውቅም፣ ግን እርጥብ ቦታ ላይ የሚይዝ ነገር ብናገኝ ስፌት የማይይዘውን ቁስል ይዘጋ ይሆናል አለችኝ። ለእንዲህ ያለ ቁስል በቀን ስንት ጨርቅ እንደሚታጠብ አልነገርኳትም።

አቤቱታው ላይ አሥራ አንድ ሰው ሳያነብ ፈረመ። ጋሼ ፓርላማ ሊወስዱት ሲሉ አክስቴ "እስቲ አንብቢልን" አለችኝ። የተጻፈውን ብቻ አነበብኩ።

"ቀንድ አውጣዋስ የት ገባች?" አሉ ጋሼ ፓርላማ።

ቆራጯ "ቀርፋፋ አይደለች? ገና መንገድ ላይ ናት" አለች፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ አልሳቅኩም። አንገቴን ሳልደፋ "አልጻፍኳትም ጋሼ። ክፍሉን አይቼዋለሁ። ተመራማሪዋ ብትባረር እኛ ጋ አንድ አምፖል አይበራም" አልኩ። እኔ ነኝ እኮ እማዬ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ የምደበቀው!

"አይ ይቺ ዝምተኛ! እኔ የፈረምኩት ሌላ ነው" ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ሳልነግራቸው ማስፈረሜ ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ ጠየቅኩ። ፊርማቸውን ሰርዤ፣ የእሳቸውን ሐሳብ በሌላ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ጻፍኩላቸው። "የሚፈርም አለ?" ሲሉ ሁሉም አጎንብሶ የወደቀ መርፌ መፈለግ ጀመረ። ለማንኛውም ሁለቱም ወረቀቶች ሄደዋል፤ አስተዳደሩ አንብቦ ይፍረድ።

ተመራማሪዋ ከሰዓት በኋላ እንዳግዛት ትፈልጋለች፤ ግን መጀመሪያ ትምህርትሽን ቀጥይ አለችኝ። አክስቴም ፈቀደች። ትናንት ለሰባተኛ ክፍል ልመዘገብ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ስለሰነፍኩ ነው ያቋረጥኩት እል ነበር። ቅጹ ላይ ግን "ያቋረጠችበት ምክንያት" የሚል መስመር አለ። እውነቱን ጻፍኩ፦ "እናቴን ለማስታመም"። አትቀየሚኝ፤ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም።

ጤናሽ ይጽናልኝ፤ ምርቃትሽ ከደብተሬ ጋር አብሮኝ ይግባ።

የምትወድሽ ልጅሽ