ስለ ሃምሳ አለቃ በላይ እና በቦታው «ስላልነበርነው» ስምንት ሰዎች

ለተከበሩ የመድፍ ክፍሉ የሰው ኃይል ኃላፊ
የካቲት 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከመድፍ ጋር ከዋልኩ ወዲህ ግራ ጆሮዬ ብቻ አልሰማ ብሎኛል። በመርሳ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ቅዳሜና እሑድ እየሠለጠንኩ የቆየሁ ተጠባባቂ ነኝ። በሐምሌ 2013 እኔን ጨምሮ ስምንት ተጠባባቂዎችን፣ ወልድያን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ ከመደበኛ መድፈኞች ጋር ስላቀላቀሉን በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ቅልቅሉ እጅግ የተሳካ ነበር፤ የመድፉን ጥይት የምንሸከመው እኛ፣ የጆሮ መከላከያ የተሰጣቸው ደግሞ እነሱ። የመድፉ አዛዥ ሃምሳ አለቃ በላይ ግን ሥርዓቱ አልገባቸውም መሰለኝ፣ የራሳቸውን አውልቀው ከእኛ ወገን ለሆነው ለገበሬው ፈንታው ሰጡት።

ሁለተኛ፣ በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ ሲመጣ፣ እኛ ከኮረብታው ሥር ጥይት ወደ ላይ እናወጣ ነበር። ሃምሳ አለቃው «ተጠባባቂዎቹስ?» ብለው ቢጠይቁ፣ «እነሱ የወረዳው ናቸው፤ መኪናው የክፍሉን ሰው ብቻ ይጫን» ተብሎ እንደተመለሰላቸው አብረዋቸው የነበሩት ነግረውናል። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ ማን የማን እንደሆነ ስለተለየ አድናቆቴ የላቀ ነው። እሳቸው መድፉን በመኪናው አስጎትተው ከሸኙ በኋላ ወደ እኛ ቁልቁል ሮጡ። ሲደርሱ ፈንታው እግሩን ተመትቶ ወድቋል። «ተነሱ፤ የሚመጣልን የለም» አሉንና መጀመሪያ እሳቸው አዘሉት። እየተፈራረቅን ተሸክመነው፣ ዋናውን መንገድ ትተን በማሳ ለማሳ ተጉዘን፣ በሦስተኛው ቀን ውርጌሳ ገባን። እግሩ ተቆረጠ፤ ነፍሱ ተረፈች። በመርሳ አጠገብ ስናልፍ፣ ባለቤቴ ኢሕሳን ትኑር አትኑር ሳላውቅ የቤቴን ጣሪያ ከሩቅ አይቼ አልፌያለሁ። ይህ የግል ጉዳይ ስለሆነ በቁጥር አላስገባሁትም።

ሦስተኛ፣ ሃምሳ አለቃ በላይ ያለ ፈቃድ ከክፍላቸው ተለይተዋል ተብለው ታስረዋል። ልመሰክርላቸው ባመለክት፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠኝ መልስ «ስምህ በክፍሉ መዝገብ ስለሌለ በቦታው እንዳልነበርክ ይቆጠራል» የሚል ነው። አለመኖሬን ስላረጋገጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሆኖም ፈንታው «እዚሁ ተዉኝ» እያለ ሲለምነን የነበረው ድምፅ፣ ይህ ማረጋገጫ ከደረሰኝም በኋላ በደኅናው ጆሮዬ መሰማቱን አልተወም። ክቡርነትዎ፣ እኒያ ሰው ባይመለሱ ኖሮ ስምንት ቤት ለቅሶ ይቀመጥ ነበር። እባክዎ ያስፈቱልን።

ፍርዱ በሚሰማበት ማክሰኞ ስምንታችንም በችሎቱ በር ላይ እንገኛለን።

የክቡርነትዎን ጊዜ በሕይወት በመቆየቴ ለማባከን የተገደድኩ፣
ታዛዥዎ
መምህር ሙስዐብ ጀብሪል

ማሳሰቢያ፦ ፈንታው በክራንች ብዙ መቆም ስለማይችል አንድ ወንበር ቢፈቀድለት ምስጋናችን ወሰን የለውም። በቦታው ያልነበረ ሰው የተቀመጠበት ወንበር እንደ ባዶ ስለሚቆጠር፣ ለመዝገብዎ አያስቸግርም።