ከባሕር በታች ያለ መንደር

ኬኒንግተን፣ ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ መርዕድ፣ ለባሕር ወሰን ያበጀለት አምላክ ካለህበት በጤና ያቆይህ። እኛ ደኅና ነን፤ አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት ክላፋም ድረስ በእግሩ ይሄዳል።

ከሆላንድ የላክኸውን ፖስትካርድ ለኮሪ አሳየኋት። ካምደን ሰፈር፣ ወጥ ቤት አብራኝ የምትሠራ ሆላንዳዊት ናት። የመንደርህን ስም ስታነብ ቁጭ አለች። «ይኼ እኮ የተወለድኩበት ነው!»

እንዴ ልጄ! ለካ መንደሩ ከባሕሩ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው! የጥንት ሰዎች በአፈር ግድብ ከልለው ከባሕር የነጠቁት መሬት ነው አለችኝ። በ1945 ዓ.ም. በጥር፣ ማዕበል ግድቡን ጥሶ ገባ። ኮሪ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ጣራ ላይ ወጥተው ሳለ እናቷን ማሪያን ውሃው ከእጇ ነጠቃት።

ከደርግ ጥይት ያመለጠ ልጄ ባሕር ሥር ይተኛ? «ዛሬውኑ ተመለስ ብዬ እጽፍለታለሁ» ብላት፣ «ተይ ዕፀገነት፣ ከዚያ ወዲህ ግድቡን በጣም አሳድገውታል» አለችኝ። እኔ ግን ልቤ አልረጋም፤ እባክህ ከምድር ቤቱ ወጥተህ ፎቅ ላይ ተከራይ።

ኮሪ ከዚያ በኋላ መንደሯን አላየችም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሟቾች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ አሉ። ሄደህ የማሪያን ስም ፈልግልን። ካገኘኸው አጠገቡ ቆመህ፣ «ልጅዎ ኮሪ በሕይወት አለች» በልልኝ።

የምትረግጠው ሁሉ ጽኑ ምድር ይሁንልህ።

እናትህ ዕፀገነት