መኪናው አርባ አንድ ጊዜ ተኝቷል ያለው ሾፌር ለሥምሪት ኃላፊው

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ሥምሪትና ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአዲሱ ተሽከርካሪ ወንበርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እንደ ወጉ የራሴንም ጤንነት ብገልጽልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን መኪናው ቀድሞኝ ነግሮዎታል። ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ፣ መሪ ጨብጬ አርባ አንድ ጊዜ መተኛቴን የሚያስረዳ ባለ ሁለት ገጽ ሪፖርት ፊርማዎና ማኅተምዎ አርፎበት ደርሶኛል። በአራት ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ተኝቶ አርባ አንድ ጊዜ መንቃት የአራስ ልጅም አቅም አይደለም፤ ቢሆንም መኪናው ስላለ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቱንም ጊዜ «ሪፖርቱን ያወጣው ሲስተሙ ስለሆነ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም» የሚል አጭርና ንጹሕ ምላሽ ስለተሰጠኝ ነው። የፊታችን ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሰበሰባል። ከሾፌርነት ተነስቼ ወደ ግቢ ጥበቃ እንድዛወር የቀረበለትን የውሳኔ ሐሳብም ያጸድቃል ወይም ይጥላል። የጥበቃ ባልደረቦቼን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እንቅልፋም ነው የተባለ ሰው ጥበቃ ላይ ሲመደብ ምን እንዲጠብቅ እንደታሰበ ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ለመሥሪያ ቤታችን ስነዳ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አዋላጆችን፣ ክትባትንና አልፎ አልፎም ሕመምተኞችን በከተማው ሆስፒታልና ከወንዙ ማዶ ባሉት ጤና ጣቢያዎች መካከል አመላልሳለሁ። እርስዎም የመስክ ተቆጣጣሪ ሳሉ ለስድስት ዓመት በዚሁ መንገድ ወስጄ የመለስኩዎት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአሮጌውን መኪና ባትሪ ስፈትሽ ፈንድቶ አሲዱ ግራ ዐይኔ ላይ ተረጨ። የዐይኔ ብሌን በተአምር ተረፈ፤ የዐይኔ ቆብ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ግማሽ ወርዶ ቀረ። ባልደረቦቼ «ጥቅሻ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። በየዓመቱ የዐይን ምርመራ አደርጋለሁ፣ በየዓመቱም የመጨረሻዋን ትንሿን ረድፍ አነባለሁ፤ የሐኪሙ ወረቀት የግል ማኅደሬ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተያይዟል። ማኅደሬን ማንበብ ከሪፖርቱ ይልቅ ጊዜ እንደሚወስድ ስለምረዳ አልቀየምም።

እንግዲህ ስምንቱን አዳዲስ መኪናዎች ስላስገቡልን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ/ ስለ መስታወቱ አመሰግናለሁ። በአሮጌው መኪና ዝናብ መጥቶ የፊት መስታወት ጉም ሲለብስ የጠርሙስ ክዳን የምታህል መዘውር ነበረች፤ እጄ ሳላያት ያገኛታል፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አዞራታለሁ፣ ጉሙ ይለቃል። አሁን በእርሷ ፈንታ ትሪ የሚያህል ስክሪን ተሰጥቶናል። ጉሙን ለማስለቀቅ መጀመሪያ «ተሽከርካሪ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ምቾት» የሚለውን፣ ቀጥሎ «አየር» የሚለውን እከፍታለሁ፤ በመጨረሻም «እርግጠኛ ነዎት?» ይለኛል። ምንም በማይታይበት መስታወት ፊት ለፊት በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር እየሄድኩ እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ዐይኔን ወደ ስክሪኑ ስጥል፣ ከመሪው በላይ የተተከለው ካሜራ ደግሞ «እባክዎ ዐይንዎን ከመንገዱ አይንቀሉ» ብሎ ነጥብ ይቀንስብኛል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ይሄማ መኪና አይደለም፣ አማት ነው» አለችኝ። አስተያየቱን የእርሷ እንጂ የእኔ እንዳያደርጉብኝ።

2ኛ/ መሪውን ለሁለት ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። መኪናው የመንገዱን ነጭ መስመር አይቶ መሪውን ራሱ ያቃናል ተብሎ ተነግሮናል፤ እውነትም ያቃናል። ነገር ግን ከድልድዩ በኋላ ያለውን መንገድ የጠገኑት ሰዎች አዲሱን መስመር ሲቀቡ አሮጌውን አላጠፉትም፤ አሮጌው መስመር ዛሬ የሚያደርሰው ወደ ቦዩ ነው። መኪናው አሮጌውን ይወዳል። በየቀኑ እዚያ ቦታ ስንደርስ እርሱ ወደ ቦዩ እኔ ወደ መንገዱ ስንጓተት፣ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሾፌሩ ምን ጠጥቶ ነው እያሉ ይጠያየቃሉ። ይህን የመጓተት ጥበብ ማጥፋት ይቻላል፤ ሆኖም ሞተር በተነሳ ቁጥር ተመልሶ ራሱን ያበራል። እንዲህ ያለ ጽናት በሰው ላይ ቢገኝ ዕድገት ያሰጥ ነበር።

3ኛ/ ስለዚያ ማክሰኞ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ካለው የመጨረሻው ጤና ጣቢያ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል እንዳደርስ ታዘዝኩ። ከኋላ ምጥ ላይ ያለችው ሴት፣ እናቷና አዋላጅ ነርሷ ተቀምጠዋል። አዋላጇ ምጡ እንደጠናና የፅንሱ የልብ ምት እየቀነሰ መሆኑን በጆሮዬ ነግራኛለች። መኪናው ግን ገና ከመነሻችን ጀምሮ የሚያሳስበው የግራ ዐይኔ ቆብ ነበር። ክፍልዎ በአገርኛ ቋንቋ እንዲናገር ያስጫነለት የሴት ድምፅ «የድካም ምልክት ታይቶብዎታል» ይለኛል፤ ስክሪኑም የስኒ ሥዕል ያወጣልኛል። በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ፤ ይህንን ክብር በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሰው አግኝቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ማስጠንቀቂያው ሠላሳ ስድስት ሲሞላ መኪናው ሾፌሩ ራሱን ስቷል ብሎ ወሰነ። አራቱንም ፍሬቻ አበራ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወደ ዳር ወጣና ቆመ። ክፍልዎ መርጦ ያዘዘው «የግዴታ ዕረፍት» የሚባለው አሠራርም ተከተለ፤ ሞተሩ ለሃያ ደቂቃ አይነሳም። ነዳጅ ረገጥኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ወደ መምሪያዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ።

የምጧ ሴት እናት ወደ ፊት ተንጠራርተው፣ «ልጄ፣ መኪናው ምን ሆንኩ ነው የሚለው?» ብለው አዋላጇን ጠየቋት። «ሾፌሩ ተኝቷል ነው የሚለው እማማ» አለቻቸው። «ምን ይላል ይሄ! ይኸው እያየኝ አይደል እንዴ?» አሉ፤ ቀጥለውም ስክሪኑን በመዳፋቸው እየመቱ «አንተ ነህ የተኛኸው፣ ተነስ!» ይሉት ጀመር። ክቡር ሆይ፣ በዚያ መኪና ውስጥ ለሲስተሙ ትክክለኛውን አቤቱታ ያቀረቡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለእርሳቸውም መልስ አልተሰጠም።

ሃያ ደቂቃ ለእርስዎ በስብሰባ መካከል የሚሰጥ ዕረፍት ነው። እኔ ግን ያንን ሃያ ደቂቃ ያሳለፍኩት ጀርባዬ ላይ የአንዲት ሴት ጩኸት እየወረደ፣ ነቅቼ፣ ሁለት እጄን በማይንቀሳቀስ መሪ ላይ አድርጌ ነው። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ጎማ ፈንድቶብኛል፣ ፍሬን እምቢ ብሎኛል፣ ድልድይ ተወስዶ ጠብቆኛል፤ ደህና የሆነ መኪና፣ ሙሉ ነዳጅ እያለው፣ በደረቅ መንገድ ላይ እምቢ ሲለኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ተነሳ። አራት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ አምስት ማስጠንቀቂያ ተጨመረ፤ አርባ አንድ ማለት ነው። አዋላጇ «ሌላ ሃያ ደቂቃ የለንም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ከቦርሳዋ ፕላስተር አወጣች፣ በጥርሷ ቆረጠችው፣ ከወንበሬ ጀርባ ተንጠራርታም የግራ ዐይኔን ቆብ ወደ ላይ ስባ ከቅንድቤ ጋር ለጠፈችው። መኪናው ዝም አለ። የቀረውን ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ዐይኔ እየደረቀና እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነዳሁ። ልጅቷ ሆስፒታል በገባን በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ተወለደች። እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። ሐኪሙ ለአዋላጇ «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ብትቆሙ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» እንዳላት ነግራኛለች።

በሪፖርትዎ ላይ ከአርባ አንደኛው በኋላ አንድም እንቅልፍ አለመመዝገቡን ልብ ብለውት ይሆናል። ያነቃኝ ፕላስተር ነው።

4ኛ/ ስለ ሾፌር አንድ። በማግሥቱ መኪናውን ወደ ግቢው ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒካችን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ስክሪኑን ግማሽ ቀን ሲያገላብጥ ዋለ። ከዚያም እየሳቀ ጠራኝ፤ «ጋሼ፣ ና ሾፌሩን ተመልከት» አለኝ። መኪናው የሾፌሩን ፊት ገና ሲረከቡት ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ንቁ ዐይን ምን ያህል እንደሚከፈት የሚለካው በዚያ ፊት ነው። «ሾፌር አንድ» በሚለው ገጽ ላይ የነበረው ምስል የእርስዎ ነበር። ሪባኑ በተቆረጠበት ዕለት፣ እኛ ሾፌሮች ከአጥሩ ውጭ እንድንቆም በታዘዝንበት ሰዓት፣ ለፎቶግራፍ በየተራ ስምንቱም መኪናዎች ላይ ተቀምጠው መሪ ጨብጠው ነበር። ስምንቱም መኪናዎች እርስዎን ሾፌር ብለው ተቀብለዋል። በዕለቱ ዐይንዎ እንደ ጉድ ተከፍቶ ነበር፤ ለፎቶ ነውና አልፈርድም።

እንግዲህ ለሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር እርስዎን መስዬ ነድቻለሁ ማለት ነው። ዐይኔን ስላመመኝ ነው የምነግርዎ።

መካኒኩ የእኔን ፊት ለማስመዝገብ ሞከረ፤ የመምሪያ ኃላፊው የይለፍ ቁጥር ያስፈልጋል አለው። የይለፍ ቁጥሩን በጽሑፍ ጠየቅን። በምላሹ የደረሰኝ የክስ ወረቀት ነው።

5ኛ/ ስለ ክሱ አመሰግናለሁ። «ዐይኑ ላይ ባዕድ ነገር በመለጠፍ የደኅንነት መሣሪያን አታሏል» ይላል። አርባ አንድ ጊዜ በመተኛቴ እከሰሳለሁ፤ ላለመተኛት ባደረግኩት ጥረትም እከሰሳለሁ። አዋላጇም በተባባሪነት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ፕላስተሩ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ክሱ ውስጥ መጥቀስ የዘነጉ ስለመሰለኝ አስታውስዎታለሁ።

ቴክኖሎጂ ጠላቴ አይደለም። ወደ ኋላ ስሄድ የሚያሳየኝ ካሜራ አንድ ቀን አንዲት ጠቦት አትርፎልኛል፤ የሚገባውን አልነፍገውም። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ከሌለ፣ ሰውየውም መሣሪያው ነው ያለው እያለ ከኋላው ከተደበቀ፣ ያ መሣሪያ መሸሸጊያ ሆኗል ማለት ነው። የይለፍ ቁጥርዎን አንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ቢያስገቡ የሚያልቀውን ጉዳይ በአምስት ሰው ኮሚቴ ፊት አቅርበውታል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ወደ ግቢው ይውረዱ። የይለፍ ቁጥርዎን ይዘው በዚያ መኪና የሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጡና ፊትዎን ከስምንቱም መኪናዎች ላይ ያንሱ፤ የእኛን የሾፌሮቹን ፊት፣ ከነጉድለቱ፣ ያስመዝግቡ። ከዚያ ሪፖርቱን ከማኅደሬ ያውጡልኝ። ይህ ከባድ ከሆነ ደግሞ በአጥሩ ሥር በድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ሐራጅ የሚጠብቀውን አሮጌውን መኪና ይመልሱልኝ፤ እርሱ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስለ እኔ ክፉ አልተናገረም።

እንደ መኪናዎ ቃል ተኝቼ፣ እንደ ሐኪሙ ቃል ነቅቼ፣ በአንድ ሙሉና በአንድ ግማሽ ዐይን ሐሙስን የምጠባበቅ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
ከወንዙ ማዶ መስመር ሾፌር

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣
ለአዋላጅ ነርሷ፣
ለሾፌር አንድ።

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ካሜራው የሚያየው የሾፌሩን ወንበር ብቻ እንደሆነና ወደ ኋላ ወንበር እንደማይዞር መካኒኩ አረጋግጦልኛል፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ። እኔም ለመስክ ቁጥጥር በተመላለስንባቸው ስድስት ዓመታት፣ ከግቢው በር እስከ መጨረሻው ጤና ጣቢያ ድረስ ከጀርባዬ ይሰማ የነበረውን ማንኮራፋት ለማንም ሪፖርት አላደረግኩም። ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ ያለፍኩት እንዳይነቁ ብዬ ነበር። ያን ጊዜም የዐይኔ ቆብ እንደዛሬው ወርዶ ነበር፤ ያደረሰዎትም ይኸው ዐይን ነው።