ለአንተ የገዛኋቸው እጆች

ውድ ሳውል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅ ነው። ይህን ቤርታ ታደርስልሃለች። ቡድናችን ነገ ጠዋት ወደ ሃይፋ ይወርዳል፤ መርከቡ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም። እኔ አብሬያቸው የለሁም። ምክንያቱን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል፤ ከቡድኑ ኤሊያስ ካወራው ዘፈን ያደርገዋል።

አገር ቤት ሮዛሪዮ እያለን፣ የወጣቶች ክበቡ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመህ «ከእንግዲህ እንደ አባቶቻችን ጨርቅ ተሸክመን በር አናንኳኳም፤ መሬት ቆፍረን እንኖራለን!» ስትል አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ልጁ ሲናገር ያምራል። አካፋ ይዞ ያውቃል?» አለኝ። ተቆጣሁት። «አንቺም ብትሆኚ ስድስት ወር አትቆዪም» ብሎ ጨመረልኝ። አንተን አምኜ እዚህ ኪቡትዝ፣ ሁሉም አብሮ የሚያርስበት መንደር፣ መጣሁ።

ለሥራ የመጣንበት ዓመት ሊያልቅ ሲል ኪቡትዙ «መቅረት የሚፈልግ ስሙን ያስመዝግብ፣ በጉባኤ ድምፅ እንሰጥበታለን» አለ። ያንተንም የእኔንም ስም ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። አንተ ቆመህ አየኸኝ እንጂ «ተይ» አላልክም።

ችግሩ ጥጡ ነበር። ውኃውን ዘግተህ ና የተባልክ ለታ ቧንቧው አጠገብ መጽሐፍ ስታነብ ማሳውን ሐይቅ አደረግኸው። ሥራ የሚመድበው ሐጋይ ከዚያ ወዲህ በስምህ ጠርቶህ አያውቅም፤ «መርከበኛው» ነው የሚልህ። ኪቡትዙም በሙሉ ተከተለው። እጅ የሚያነሳልህ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እጅ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጥ ቤት ነው። ዜልዳ ድንች ትልጣለች።

«ለመርከበኛው ነው የመጣሽው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ስሙ ሳውል ነው።»

«እሱ እኮ ሰሃን ሲያጥብ የሚያየው ሰሃኑን አይደለም፣ መስኮቱን ነው።»

«ጥሩ ሰው ነው፣ ዜልዳ።»

«ጥሩ ሰውማ ሞልቶናል፤ የጎደለን ሰሃን አጣቢ ነው።»

ገባኝ። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ የቅዳሜ ተራዋን ልወስድላት ተስማማን፤ ቅዳሜን ከልጅ ልጆቿ ጋር ትውላለች። እጇን አገኘሁ።

ሐጋይ ከበደኝ። ትራክተር ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታየኛል።

«እዚህ ንግድ የለም፣ ነጋዴዋ» አለኝ።

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሥራ። ዶሮ ቤቱን የሚይዝ ሰው አጥቻለሁ።»

«ዶሮ እጠላለሁ።»

«እኔም መርከበኛ እጠላለሁ።»

እዚያው ተስማማን። ሐጋይ ካነሳ የእርሻ ሠራተኞቹም ያነሳሉ።

«እኔ እኮ ነግሬሻለሁ» እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ ነግረኸኛል። ዓሣ ኩሬው ዳር «ፔርላ፣ ተዪው በቃ» አልከኝ። እራት ላይ የበላኸውን የወይራ ፍሬ ዘር ፍርፋሪ መጣያው ሳህን ውስጥ እየጣልክ «ለዚህ ቦታ የምሆን አይመስለኝም» አልከኝ። አይመስለኝም! ሳውል፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ጋር በር ሳንኳኳ ነው ያደግሁት። «አንፈልግም» እያለ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚቆም ሰው ዋጋ እየጠየቀ ነው። የማይፈልግ ሰው በሩን ይዘጋል። አንተ አንድም ቀን አልዘጋህም። እራት ላይ እንደዚያ እያልከኝ እንኳ በሌላኛው እጅህ እጄን ይዘህ ነበር።

ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ድምፅ የሚሰጥበት ሰው ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። ትኩስ የማቴ ሻይህን በቅልህ ይዘህ ወጣህ። ውስጥ ብዙ ተባለ። ምንም ያልጠየቅኋት አሮጊቷ ጉታ ሹራቧን እየሠራች «ያነባል ትላላችሁ፤ እኛስ በእሱ ዕድሜ አላነበብንም?» አለችልህ። ከዚያ እጆች ተነሱ። የሐጋይ እጅ ከሁሉም ዘግይታ፣ እንደዛገች ማጠፊያ፣ ተነሳች። አለፍክ፣ ሳውል። ሰዎቹ ተቀብለውህ ነበር።

ቀጣዩ ስም የእኔ ስለሆነ መውጣት ነበረብኝ። ልነግርህ ሮጬ ወጣሁ፤ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። አግዳሚው ላይ ያለው ቅልህ ብቻ ነው። ማቴው አልቀዘቀዘም። የዓሣ መኪናው ወደ ዋናው መንገድ እየወረደ ነበር፤ ማን እንደተሳፈረበት የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

የመኪናውን ሾፌር አምኖንን በማግሥቱ ያዝኩት። «ምን አለህ?»

«ሃይፋ እስክንደርስ ምንም። ሲወርድ ግን፣ ከእሷ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም፣ ፊት ለፊት ከነገርኳት እቀራለሁ፣ አለ።»

አንጀቴን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ትቀር ነበር ማለት ነው! አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረን፤ አንተ ደግሞ ያቺን ቃል ፈርተህ ከዓሣ ጋር ተጭነህ ሄድክ።

ያን ዕለት ግን ልማድ ነውና እዚያው ካንተ ቅል አጠገብ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅኩ። ለራሴ አንድም ሰው አላናገርኩም ነበር፤ አንተ ከቀረህ የእኔ ነገር ያለቀ መስሎኝ።

በሩ ተከፈተና ዜልዳ ብቅ አለች። «ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሳውል ሄዷል።»

አግዳሚውን አየችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኛ የጠራነው አንቺን ነው» አለችኝ።

ስገባ እጆቹ ገና አልወረዱም። ሁሉም። ሐጋይማ ሁለቱንም ነው ያነሳው። «ለራስሽ ምንም አልተከራከርሽም፤ አሞሻል?» ሲል አዳራሹ ሳቀ።

ጉታ ሹራቧን አስቀምጣ «ትቀሪያለሽ ወይስ ከልጆቹ ጋር ትሄጃለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለአንተ እጅ አንድ በአንድ ስገዛ ሰነበትኩ። ለእኔ ዋጋ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። «እቀራለሁ» አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሐጋይ ዘንድ ሄጄ «ሳውል ስለሌለ የዶሮው ነገር ቀርቷል» አልኩት።

«የሸጥኩልሽ እጄን ነው» አለኝ። «ልጁን አልሸጥኩልሽም።»

 አሁን የምጽፍልህ ከዶሮ ቤት ነው፤ አውራ ዶሮው ሁለት ጊዜ በመንቁሩ ወግቶኛል። ዜልዳ አዝናልኝ የቅዳሜውን ልትተውልኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ቃሌን አላጥፍም፤ ከቡድናችን አንድ ሰው እንኳ እንደዚያ ይታወስ።

ሮዛሪዮ ስትደርስ አባቴ ዘንድ ሂድ። ስለ አካፋው ልክ ነበርክ በለው፤ ስለ እኔ ግን ተሳስተሃል በለው። በሌላ ሰው አትላክበት፤ አንተው ፊቱ ቆመህ ንገረው።

ቅልህን አልመልስልህም። የዶሮዎቹን መኖ እዘግንበታለሁ። ደብዳቤም አትጻፍልኝ። ይህን «አትጻፍልኝ» እያልኩ ገርበብ አድርጌ የቆምኩ እንዳይመስልህ፤ ዘግቼዋለሁ።

መልካም ጉዞ።

ፔርላ