የቆርቆሮ ክንድ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፤ ጠዋት 4 ሰዓት

እስክሪብቶውን የያዘችው ባለቤቴ ዘነበች ናት። ቃሉ የኔ ነው። እሷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች፤ እኔ መዶሻ ይበቃኛል ብዬ ቀረሁ። በቃኝም። አርባ ዓመት ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ቤት አቁሜያለሁ። አሁን ግን የሠራሁትን እረሳለሁ። አንተ ደብተር፣ አንተ ያዝልኝ።

ዛሬ፦ ሁለቱም እግሮች ተገጠሙ። ሮቦቱ የልጃችን የቢኒያም የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ሰው ደረቱ ውስጥ ገብቶ እየነዳው የሚዋጋ የብረት ሰው፣ እንደ ፊልሙ። ተበታትኖ ነው የሚመጣው፤ ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም በፒንሳ እየቆረጡ መግጠም ነው። ሳይጀምረው ከቤት ጠፋበት። «እናቴ ስታጸዳ ጣለችው» ብሎ አኮረፋት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው።

እኔ ፈልጌ ምናለሽ ተራ አሮጌ ፕላስቲክ ከሚገዛው ከከድር ክምር ውስጥ አወጣሁት። ከድር ሳቀ። «ጋሼ፣ ጡረታ ወጡ ስንል ውትድርና ገቡ እንዴ?» አለኝ። እዚያ እንዴት እንደደረሰ አትጻፊ አልኳት። አትጻፊ ማለቴን ጻፈችው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ተበላሸ። ሁለቱም እግር ወደ አንድ ጎን ያያል። መመሪያው ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ማንም አያስተምረኝም። ግን 7 ቁጥር ያለው ክፍል ሁለት ነው። ከየቁጥሩ ፊት የፈረንጅ ፊደል አለ፤ ንቄ አልፌው ነበር። ዘነበችም አታውቀውም፤ ግን አይታ፣ አንዷ ድንኳን ትመስላለች፣ አንዷ ሁለት ሆድ አላት አለች። ድንኳን ቀኝ፣ ሁለት ሆድ ግራ። እንዲጠነክር ብዬ ሙጫ ጨምሬበት ነበር፤ በምላጭ ስፈለቅቅ ዋልኩ።

በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ፊደል አወቅሁ። ለማንም አትንገር።

ቢኒያም ከመሳለሚያ፣ ከስልክ ጥገናው መጣ። ራት ቀረበለት። ውጭ በልቻለሁ አለ። ከእናቱ እጅ ከበላ ሦስት ሳምንት ሆነው። ይህንን ስትጽፍ ፊቷን አየሁ። ምንም የለበትም። ሮቦቱን አልጋ ሥር ደበቅሁት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፤ ከራጉኤል መልስ

የሮቦቱ ግራ ክንድ የለም። ከድር ጋ ሄድኩ። ክምሩ ተጭኖ ሄዷል፤ ተፈጭቷል። ተመልሼ ከዱቄት ወተት ጣሳ ቆርጬ ሠራሁት። ክርኑ ይታጠፋል። ጣቱ አምስት ነው። ከፋብሪካው ይበልጣል። እጁ ይንቀጠቀጣል ያለኝ ሁሉ መጥቶ ይየው።

ሾፌሩ፣ ሮቦቱን የሚነዳው ትንሹ ሰው፣ ምስር ያክላል። ደረቱ ውስጥ አስቀምጬ ዘጋሁበት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ደበረኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፤ ከሰዓት

ጻፊ ዘነበች። ሮቦቱን ለቆራሌው የሰጠሁት እኔ ነኝ። የነበረበትን ፌስታል ከፍቼ አየሁ፤ የተሰባበረ ፕላስቲክ መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ልጁ ሲጮህብሽ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። አባት አይሳሳትም ብዬ ዝም አልኩ።

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ጻፊ እንጂ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ፌስታሉን ስታወጣ ከበር ላይ አይቼሃለሁ» አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽውም አልኳት። «ያንተንም ጥፋት እኔ ልናገርልህ?» አለችኝ። እሱንም ጻፈችው። ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፤ ለራሷ ግን አልቀዳችም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፤ ምሽት 1 ሰዓት

ቀለም። ገላው ግራጫ፣ ትከሻው ቀይ። ቀዩ የጥፍር ቀለም ነው። ሻጯ ለማን ነው አባባ ብትለኝ ለራሴ ነው አልኳት።

የቀረችው የቆርቆሮዋ ክንድ ናት። ግራጫ ከተቀባች ከቀኟ አትለይም። ቢኒያም ተገኘልኝ ብሎ ይደሰታል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እንዲያ ነበር ሐሳቤ። ብሩሹን ነክሬ ይዤ ተቀመጥኩ። ቀለሙ ብሩሹ ላይ ደረቀ።

አልቀባትም። ቆርቆሮ እንደሆነች ትቅር። ይያትና ማን ሠራት ይበል።

ጠረጴዛው ላይ አቁሜዋለሁ። በሩ ተንኳኳ። ቢኒያም ነው፤ ጫማውን እያወለቀ ነው። ዘነበች፣ አሁን መጻፉን ተይው። ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ልጁም እንዲሰማ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። የትናንቱን አልፈሽው እንዳትሄጂ።